በአልካይ ባሕር ዳርቻ የተደበቀ የእንቆቅልሽ ጂኦካሽ እንዴት ይፈታል

ጂኦካሽ አንዱ ደብቆ ሌላው በጂፒኤስ የሚፈልገው ሳጥን ነው፤ የእንቆቅልሽ ጂኦካሽ ደግሞ ቦታው በእንቆቅልሽ የተሸሸገ ነው። ገጹን ስትከፍቱ ካርታው ላይ የሚታየው ነጥብ ሳጥኑ ያለበት ቦታ አይደለም። ይህን ሳያውቁ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርዱና አሸዋ ሲያገላብጡ የሚውሉ ሰዎች አሉ። ነጥቡ የማስመሰያ ነው፤ እውነተኛው ቦታ ያለው በጽሑፉ ውስጥ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በተለይ ሲያትልና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። ዘዴው በየትኛውም ዳርቻ ይሠራል፤ ምሳሌዎቼን ግን ሁሉንም የማመጣው በምዕራብ ሲያትል ካለው ከአልካይ ነው፤ ያን ዳርቻ ከሌላው ሁሉ አብልጬ አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም።

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። እዚህ የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ስልክ በማይጮኽበት ሰዓት ወረቀትና እርሳስ ይዤ እንቆቅልሽ እፈታለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ከእህቴ ልጅ ጋር ወጥተን ሳጥኑን እንፈልጋለን። በልጅነታችን “እንቆቅልህ” ሲሉን “ምን አውቅልህ” ብለን እንቀበል ነበር፤ መልሱን ያጣ “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል። በዚህ ጨዋታ አገር የሚያገኘው የፈታው ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው ውሃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ የፊርማ ወረቀት ያስቀምጣል፤ ሕዝብ በሚደርስበት ቦታ ይደብቀዋል፤ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በድረ ገጽ ያወጣል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ያገኘዋል፣ ይፈርማል፣ በነበረበት ይመልሰዋል። የተጀመረው በ2000 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ነበር፤ በሜይ 2000 መጀመሪያ ይህን አቆመ፤ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ትክክለኛ ሆኑ። ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ ነጥቡን በኢንተርኔት አሳወቀ። ዛሬ ትልቁን የጨዋታውን ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው ድርጅት መቀመጫው እዚሁ ሲያትል፣ ፍሪሞንት ሰፈር ነው። ሳጥን ስል ሁልጊዜ ሳጥን አይምሰላችሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ የምታህል ወይም ከዚያም ያነሰች ልትሆን ትችላለች።

ስንት አሃዝ ጎደላችሁ?

አብዛኛው ጀማሪ እንቆቅልሹን ከላይ ወደ ታች ይፈታል፤ ምልክቶቹን ያያል፣ ኮዱን ይገምታል፣ የወጣውን ቁጥር ካርታ ላይ ይጥላል። እኔ ከቦታው ነው የምነሳው። አንድ የጂኦካሽ ነጥብ ሙሉ ሆኖ ሲጻፍ አሥራ አምስት አሃዝ አለው። ለምሳሌ፦ ሰሜን 47° 34.000፣ ምዕራብ 122° 24.000። ከአሥራ አምስቱ ውስጥ እንቆቅልሹን ሳትነኩት የምታውቁት ግማሽ ያህሉን ነው።

ደንቡን አስቡ። እውነተኛው ቦታ ከማስመሰያው ነጥብ ከ3.2 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። የማስመሰያው ነጥብ አልካይ ዳርቻ ላይ ከሆነ 47 እና 122 አይለወጡም። በዚህ ኬክሮስ አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1,850 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ ደግሞ 1,250 ሜትር ያህል። ስለዚህ የኬክሮሱ ደቂቃ ከ33 እስከ 36፣ የኬንትሮሱ ከ22 እስከ 27 ሊሆን ይችላል። አሁን ባሕሩ ያግዛችኋል። ኬክሮሱ 36 ከሆነ ከዱዋሚሽ ሄድ ጫፍ አልፋችሁ ኤሊየት ቤይ ውሃ ውስጥ ናችሁ። ኬንትሮሱ 26 ወይም 27 ከሆነ ከአልካይ ፖይንት በስተ ምዕራብ፣ ጀልባና መርከብ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ናችሁ። ሳጥኑ ደግሞ የብስ ላይ ነው። እንግዲህ ለኬክሮስ 33፣ 34 ወይም 35፣ ለኬንትሮስ ከ22 እስከ 25 ብቻ ቀረ።

የባሕር ዳርቻ እንቆቅልሽን የምመርጠው ለዚህ ነው። መሐል ከተማ ላይ የ3.2 ኪሎ ሜትሩ ክበብ በሙሉ መሬት ነው፤ የትም ቢያርፍ “ምናልባት” ያሰኛል። እዚህ ግን የተሳሳተ መልስ ብዙውን ጊዜ ራሱ ባሕር ውስጥ ይወድቅና ይነግራችኋል።

የደቂቃዎቹ ሁለተኛ አሃዝ ከእነዚህ ጥቂት አማራጮች አንዱ ነው፤ በዋናነት የምትፈልጉት እንግዲህ ስድስት አሃዝ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ለኬክሮስ፣ ሦስት ለኬንትሮስ። ክብደታቸውም እኩል አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አሃዝ በአንድ ቢሳሳት በኬክሮስ 185 ሜትር ትስታላችሁ፤ ሁለተኛው 18 ሜትር ተኩል፤ ሦስተኛው ከሁለት ሜትር ያነሰ። ስለዚህ የመጨረሻዋ አሃዝ ብታጠራጥራችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ተነስታችሁ ሂዱ። ስልካችሁ ራሱ በጠራ ሰማይ ሥር ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይስታል።

ገጹን ማንበብ

ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ነገር ሳትዘሉ አንብቡት። እኔ በመጀመሪያው ንባብ እርሳስ አልይዝም። ርዕሱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥሩ ደባቂ ቁልፉን ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። “ባንዲራው ሲውለበለብ” የሚል ርዕስ ያለው ገጽ ስለ ምግብ ቢያወራ እንኳ የመርከብ ምልክት ባንዲራዎችን አስቡ።

ከርዕሱ ቀጥሎ የወጣበትን ቀን ተመልከቱ። የቦታ ጽሑፍ ተነብቦ የሚፈታ እንቆቅልሽ ከሆነ ቀኑ ብዙ ይወስናል። አልካይ ላይ የቆመችውን ትንሿን የነፃነት ሐውልት ውሰዱ። ቦይ ስካውቶች በ1952 ለከተማዋ የሰጧት ነች፤ አሁን የቆመችው ግን በ2007 እንደ አዲስ የተቀዳችው ናት፤ ዙሪያዋ ያለው አደባባይም ከዚያ በኋላ ነው የተሠራው። ከዚያ በፊት የወጣ እንቆቅልሽ “ከሐውልቱ ሥር ያለውን አንብቡ” ቢል ዛሬ የምታነቡት ያው መሆኑን አትመኑ። በአንጻሩ ኖቬምበር 13 ቀን 1851 ኤግዛክት በተባለች መርከብ እዚህ የወረዱትን ነጭ ሰፋሪዎች የሚያስታውሰው የድንጋይ ሐውልት ከ1905 ጀምሮ አለ። ዓመተ ምሕረት የሚደምሩና የሚቀንሱ የአልካይ እንቆቅልሾች 1851ን፣ 1905ን፣ የመብራት ማማው የተሠራበትን 1913ን እና 1952ን ደጋግመው ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ እነዚህን አራት ዓመታት ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ወደ እኛ አቆጣጠር እንዳትለውጧቸው።

ከዚያ የክብደት ደረጃዎቹን እዩ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለአስቸጋሪነት፣ ሌላው ለመሬቱ፣ ሁለቱም ከ1 እስከ 5። አስቸጋሪነቱ 1.5 የሆነ እንቆቅልሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም አይጠይቅም፤ ሦስት ሰዓት ከታገላችሁ መንገዱን ስታችኋል፣ ቀለል ያለውን ፈልጉ። የመሬቱ ደረጃ 1 ከሆነ ሳጥኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስበት ነው፤ ያ ማለት ከአስፋልቱ የእግረኛ መንገድ ብዙ አይርቅም። ይህን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ማወቅ ይጠቅማል፤ መልሳችሁ ገደል ላይ ካረፈና ደረጃው 1 ከሆነ መልሱ ስሕተት ነው።

ፍንጩ ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አሥራ ሦስት ቦታ ተንሸራቷል። ገጹ ራሱ በአንድ ጠቅታ ይፈታላችኋል። ሥዕሎቹን ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱና የፋይሉን ስም አንብቡ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች በመዳፊት ምረጡት፤ በነጭ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ካለ ያን ጊዜ ይታያል። የገጹን ምንጭ ኮድ መክፈት የምትችሉ ክፈቱት። ቀድመው ያገኙት የጻፏቸውንም አስተያየቶች አንብቡ፤ መልሱን አይናገሩም፣ ግን “ከልጄ የሙዚቃ ደብተር ተማርኩ” የሚል ሰው ብዙ ተናግሯል።

ምልክቱን መለየት

የማታውቁት ምልክት ካጋጠማችሁ ትርጉሙን ከመፈለጋችሁ በፊት ቁጠሩት። ስንት የተለያየ ዓይነት ምልክት አለ? ሁለት ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ አጭርና ረጅም ወይም ጥቁርና ነጭ፣ የሞርስ ኮድ ወይም በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፍ የቁጥር ሥርዓት ነው። እስከ አሥር ከሆነ እያንዳንዱ ለአንድ አሃዝ መቆሙ አይቀርም። ወደ ሃያ ስድስት ከተጠጋ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሰባት ከሆነ የሳምንቱን ቀናት፣ የሙዚቃ ኖታዎችን፣ የቀስተ ደመናን ቀለማት አስቡ። ሰባት ለእኛ ሌላም ነገር አለው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ባሕር ዳር ያሉ ደባቂዎች የሚወዷቸው የታወቁ ናቸው። ዓለም አቀፉ የመርከብ ምልክት ባንዲራዎች ሃያ ስድስት የፊደል ባንዲራዎችና አሥር የቁጥር ባንዲራዎች አሏቸው። ሁለት ባንዲራ የያዘ ሰው ሥዕል ካያችሁ ሴማፎር ነው፤ የእጆቹ አቅጣጫ ፊደሉን ይነግራችኋል። የመብራት ማማዎች ብልጭታም አለ፤ እያንዳንዱ ማማ የራሱ ልዩ አበራር አለው፣ የአልካይ ፖይንቱ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ነጭ ብልጭታ ይሰጣል። የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ከነቁጥሩ የተለጠፈበት ገጽም ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ነጥቡ በእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፎ ከሆነና ፊደላቱ ተተክተው ከሆነ፣ የምታውቁት ከምታስቡት ይበልጣል። “ኖርዝ ፎርቲ ሰቨን” ብሎ እንደሚጀምር ገምቱ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስቱም ባለ አምስት ፊደል ናቸው፤ “ሰቨን” ደግሞ ሁለተኛና አራተኛ ፊደሉ አንድ ነው። በተመሰጠረው ጽሑፍ ሦስተኛው ቃል ያን መልክ ይዞ ከተገኘ በሩን ከፈታችሁት፤ ከሦስቱ ቃላት ብቻ የአሥር ፊደላትን ምትክ አወቃችሁ።

አንድ ሙሉ ምሳሌ

ሕያው የሆነ እንቆቅልሽ መልስ በአደባባይ መጻፍ ነውር ነው፤ ሰው የደከመበትን ሥራ ማፍረስ ነው። ስለዚህ ለልምምድ ራሴ ያዘጋጀሁትን ላቅርብ። ሳጥን የለውም፣ ድረ ገጹም ላይ የለም፣ ቦታው ግን እውነተኛ ነው።

ርዕስ፦ ፊደል የቆጠረ
አስቸጋሪነት 2፣ መሬት 1
“ሞገድ ድንጋዩን ትቶ ጥግ ሲይዝ ሂድ።”
የአሃዞቹ ድምር 31 ነው።

ከማንበባችሁ በፊት ሞክሩት።

የማስመሰያው ነጥብ አልካይ ላይ ነው እንበል፤ ሰሜን 47° 34፣ ምዕራብ 122° 24 ተሰጥቷል። ስድስት አሃዝ ጎድሏል፤ ዓረፍተ ነገሩ ስድስት ቃል አለው። ይህ መገጣጠም በአጋጣሚ አይመጣም፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ አሃዝ ይሰጣል ማለት ነው። እንዴት ይሰጣል? ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት መቁጠር ነው። ሞገድ ሦስት፣ ድንጋዩን አምስት፣ ትቶ ሁለት፣ ጥግ ሁለት፣ ሲይዝ ሦስት፣ ሂድ ሁለት። 34.352 እና 24.232 ይወጣል። ካርታ ላይ ስትጥሉት ከዳርቻው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሐውልቷ ካለችበት 900 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሽቅብ ባለው የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያርፋል። ጽሑፉ ስለ ሞገድና ስለ ድንጋይ እያወራ መልሱ የሰው ግቢ አጠገብ ከሆነ ተጠራጠሩ። ድምሩን አድርጉ፦ 17 ነው፣ 31 አይደለም። ጣሉት። ድምር የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ደባቂው ከስሕተት መንገድ በጊዜ እንድትመለሱ የሰጣችሁ ውለታ ነውና ተጠቀሙበት።

ወደ ርዕሱ ተመለሱ። ፊደል የቆጠረ። ማንበብ የሚችል ሰው ማለት ነው፤ ግን ቃል በቃል ብትወስዱትስ? ፊደል እንዴት ነበር የቆጠርነው? መነኩሴው ወይም የኔታ ፊት ተቀምጠን ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያልን፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ሃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ሰባት ናቸው። የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ውሰዱና ስንተኛ እንደሆነ ቁጠሩ። የእህቴ ልጅ እዚህ ተወልዶ ፊደል የተማረው በቤተ ክርስቲያን የእሑድ ትምህርት ነው፤ ወረቀቱን ሰጥቼው ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ “አክስቴ፣ ሞ ሰባተኛ አይደለችም እንዴ?” አለኝ። ሰባተኛ ናት። ድ ስድስተኛ፣ ት ስድስተኛ፣ ጥ ስድስተኛ፣ ሲ ሦስተኛ፣ ሂ ሦስተኛ። ድምራቸው 31።

ሰሜን 47° 34.766፣ ምዕራብ 122° 24.633። ካርታው ላይ ስትጥሉት ከነፃነት ሐውልቷ አጠገብ ያርፋል፤ የተነጠፈ መሬት፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች፣ ደረጃውም 1 ነበር። ቁጥሩ፣ ድምሩ፣ ቦታውና ደረጃው አራቱም ሲስማሙ መልሱ ትክክል ነው። ሦስቱ ተስማምተው አንዱ ሲያፈነግጥ አትሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በዚህ ዘዴ 8፣ 9 እና 0 ሊጻፉ አይችሉም። ስለዚህ በሌላ እንቆቅልሽ ያገኛችኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ከ1 እስከ 7 ብቻ ከሆኑ ያ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ደባቂው ሰባት ነገሮች ያሉት ሥርዓት ይዟል። ከ0 እና ከ1 በቀር የሌለበትም፣ ከ5 የማይበልጥም እንዲሁ ምክንያት አለው። የጎደለውን አሃዝ መፈለግ ያለውን ከመቁጠር ይበልጥ የሚያስተምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብዙ ገጾች የመልስ ማረጋገጫ አላቸው፤ ነጥቡን ታስገባላችሁ፣ ትክክል ወይም ስሕተት ይላችኋል። ካለ ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። ትክክል ከሆነ በገጹ ላይ ከማስመሰያው ነጥብ አጠገብ ያለችውን የእርሳስ ምልክት ተጭናችሁ አዲሱን ነጥብ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ስልካችሁ በቀጥታ ወደዚያ ይመራችኋል።

ስታስገቡ ግን አጻጻፉን ጠብቁ። ጂኦካሺንግ የሚጽፈው በዲግሪና በአሥርዮሽ ደቂቃ ነው። ሌሎች የካርታ መተግበሪያዎች ደግሞ በአሥርዮሽ ዲግሪ ይሠራሉ። ለመለወጥ ደቂቃውን ለ60 አካፍሉ፦ 34.766 ሲካፈል 0.57943 ነው፣ ስለዚህ 47.57943። 24.633 ሲካፈል 0.41055፣ ስለዚህ 122.41055፣ ምዕራብ ስለሆነ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል። ሳያካፍሉ 47.34766 እና 122.24633 ብሎ የጻፈ ሰው ከ28 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኬንት አካባቢ ይሄዳል። የመቀነስ ምልክቷን የረሳ ደግሞ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ይገባል።

ባሕሩን ማክበር

ፒዩጀት ሳውንድ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሁለቱ ሙላቶችም ሆኑ ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም። በሲያትል በዕለቱ ከፍተኛ ሙላትና ዝቅተኛ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ይህ የአንድ ክፍል ቤት ከፍታ ነው። ጠዋት በእግራችሁ የተሻገራችሁት ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ከውሃ በታች ነው። ኖዓ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የየቀኑን ሰንጠረዥ በነፃ ያወጣል፤ የሲያትል ጣቢያ ቁጥሩ 9447130 ነው። ዜሮ የሚባለው የየዕለቱ ዝቅተኛ ጉድለቶች አማካይ ነው፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቀን ውሃው ከተለመደው በታች ይሸሻል ማለት ነው። በዓመቱ ዝቅተኛ የሆኑት ጉድለቶች በሜይ፣ በጁንና በጁላይ በቀን ብርሃን ይመጣሉ፤ በዲሴምበር በሌሊት።

ለእኛ ሰዎች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰንጠረዡ የሚጠቀመው የአሜሪካንን ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ እርስ በርስ “ሦስት ሰዓት ላይ እንገናኝ” ስንባባል በአሜሪካኖቹ ከጠዋቱ ዘጠኝ የሚባለውን እያሰብን ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ሦስት ማለት ግን በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው፤ ከጉድለት እስከ ሙላት የሚፈጀውም ከስድስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ሰዓቱን ያምታታ ሰው ትንሽ አይደለም የሚሳሳተው፤ ውሃው ሲጎድል ልድረስ ብሎ ልክ ሲሞላ ይደርሳል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ደባቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑን ከሙላቱ መስመር በላይ ያደርጉታል። መስመሩን ለማወቅ አሸዋው ላይ የደረቀ የባሕር አረም የተሰለፈበትን እዩ። ነጥባችሁ ከዚያ በታች ካረፈ፣ የገጹን ጽሑፍ ስለ ጉድለት የሚናገር ነገር እንዳለ እንደገና አንብቡ፤ ከሌለ መልሱን ጠርጥሩ። ማዕበል ባለበት ቀን በውሃው ጠርዝ ያሉ ትላልቅ ግንዶች ላይ አትውጡ፤ አንድ ሞገድ ያንከባልላቸዋል። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ጉድለት ሲሆን ድንጋይ ብታነሱ ቀስ ብላችሁ በነበረበት መልሱት፤ ከሥሩ ትናንሽ ሸርጣኖችና ሌሎች ፍጥረታት ይኖራሉ።

መፈለግ

ከሬኒየር ቫሊ ለምትነሱ 50 ቁጥር አውቶብስ ከኦቴሎ ጣቢያ በኮሎምቢያ ሲቲ አድርጎ አልካይ ድረስ ይወስዳችኋል። ፀሐያማ ቅዳሜ ላይ መኪና ማቆሚያ ከመፈለግ በጣም ይሻላል። ጠዋት በማለዳ ሂዱ።

ስልኩ አምስት ሜትር ቀረ ሲላችሁ ወደ ኪሳችሁ መልሱትና ዓይናችሁን ተጠቀሙ። አሸዋ አትቆፍሩ። ያለፈቃድ መቆፈርና መቅበር በጨዋታው ደንብ ክልክል ስለሆነ አካፋ ይዞ የሚፈልግ ሰው ከመነሻው ስቷል። የማይንቀሳቀሰውን ፈልጉ፦ የእግረኛ መንገዱ የብረት አጥር፣ የመቀመጫ ሥር፣ የምልክት ምሰሶ ጀርባ፣ የግንብ ስንጥቅ፣ ከሙላቱ በላይ ያሉ ትላልቅ ድንጋዮች። በየማዕበሉ ቦታ የሚለውጥ ግንድ ውስጥ አስተዋይ ሰው አይደብቅም። ማግኔት ያላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ብረት ሥር ይለጠፋሉ፤ ዓይን ካላያቸው ጣት ያገኛቸዋል። ወደ ጥሻው ከገባችሁ እሾሃማው የብላክቤሪ ቁጥቋጦና ሳማ አሉና ረጅም እጅጌ ልበሱ።

መቀመጫ ሥር የሚዳብስ ሰው ያጠራጥራል፤ እኛን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ሊያጠራጥሩን የሚፈልጉ አሉ። ነዋሪ ወይም ፖሊስ ቢጠይቃችሁ አትደብቁ። ቀና ብላችሁ ጨዋታ እንደሆነ ተናገሩ፣ ገጹን በስልካችሁ አሳዩ። እኔን የጠየቁኝ ብዙዎች በመጨረሻ አብረውኝ ፈልገዋል። የቤት ግቢ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ሳጥኑ ያለፈቃድ የሰው ግቢ ውስጥ አይቀመጥም። ሌሎች እየተመለከቱ ሳጥኑን አታውጡ፤ የጨዋታው ሰው ያልሆነ ካየው ከቦታው ሊወስደው ይችላል።

ጨርሶ ካቃታችሁ ለደባቂው ጻፉለት። “ፍንጭ ስጠኝ” ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው መልስ አያገኝም፣ ባያገኝም ትክክል ነው። የሞከራችሁትን ዘርዝሩ፦ ፊደላቱን ቆጠርኩ፣ ድምሩ አልገጠመም፣ ከዚያ ባንዲራዎቹን ሞከርኩ። ሥራችሁን ያየ ሰው በደስታ ይረዳችኋል። የተፈቱ ነጥቦችን በዝርዝር የሚያሰራጩ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ አትውሰዱ፣ ለእነሱም አትስጡ። አንድ ደባቂ ሳምንታት ያሰበበትን ነገር በአንድ መስመር ከንቱ ያደርጉበታል።

ሳጥኑ ሲገኝ የፊርማውን ወረቀት አውጡ፣ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። እስክሪብቶ ከቤት ያዙ፤ ትናንሾቹ ውስጥ አይኖርም። ከውስጥ አሻንጉሊት ለልጃችሁ ከወሰዳችሁ እኩል ወይም የተሻለ ነገር ተኩ፤ ምግብ ግን አታስገቡ፣ እንስሳት ይስባል። የባሕር ዳር ሳጥን ጠላቱ ጨዋማ እርጥበት ነው፤ ክዳኑን አሸዋ እንዳይዘው ጠርጋችሁ አጥብቃችሁ ዝጉት፣ ልክ በነበረበት አኳኋን መልሱት። ወረቀቱ ረጥቦ ወይም ሞልቶ ከሆነ በገጹ ላይ ጥገና እንደሚፈልግ አሳውቁ። ማታ ደግሞ አስተያየታችሁን ስትጽፉ ስለ ዕለቱ፣ ስለ ባሕሩ፣ አብራችሁ ስለነበሩት ልጆች እንደ ልባችሁ ጻፉ፤ እንዴት እንደፈታችሁት ግን አትጻፉ፣ የምትለጥፉትም ፎቶ ሳጥኑ የተሸሸገበትን ቦታ የማያሳይ ይሁን።